በካፖርት ጀርባ የተሰፋው ብራና

ንግሥቴ ትባላለች። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ አሥር ዓመት ነበር። ቤታቸው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትወጡ፣ በስተቀኝ በኩል፣ አጥሩን ጌሾ የሸፈነው ቤት። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። እናንተ አልተወለዳችሁም። እኔም ያኔ ገና ድክድክ እል ነበር፤ ስለዚህ ማንም «መምህርታችን አሮጊት ናት» እንዳይለኝ።

አባቷ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ይባላሉ። ድጓ ያስተምራሉ፤ ብራናም ይጽፋሉ። ድጓ ማለት የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ እንደ ሆነ ባለፈው እሑድ ተምረናል። የረሳ ካለ ከጎኑ ያለውን ይጠይቅ። እናቷ ወይዘሮ እህተ ማርያም ልብስ ይሰፋሉ። የስፌት መኪና አልነበራቸውም። መርፌ፣ መቀስ፣ ክርና ሁለት እጅ ነበራቸው፤ ይህም ይበቃቸው ነበር።

ንግሥቴ አንድ አመል ነበረባት። የተሰፋ ነገር ስታይ ውስጡን ካላወቀች ዕረፍት የላትም። የትራሱን ማዕዘን «እንዴት ሹል ሆነ?» ብላ ፈታችው። የራሷን ቀሚስ ጠርዝ ፈታችው። አንድ ቀን ደግሞ የበቅሎዋን ኮርቻ ተርትራ ብታይ ጭድ ሆኖ ተገኘ፤ በጭዱ መካከል ከጠፋ ዓመት ያለፈው የአባቷ የሸሚዝ ቁልፍ ቁጭ ብሏል።

እናቷ አይቆጡም ነበር። «ፈታሽው? እንግዲያስ መልሰሽ ስፊው» ይሏታል። ንግሥቴ ስፌት የተማረችው እንዲህ ነው። እኔም ብሆን መጠየቅ የሚወድ ልጅ እወዳለሁ። ዝም ብሎ የሚያፈጥብኝ ልጅ ያስፈራኛል። ነገር ግን ልጆች፣ የሚፈታ ነገር አለ፤ የማይፈታም ነገር አለ። ንግሥቴ ይህን እንዴት እንዳወቀች ነው የምነግራችሁ።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲያልቅ ንግሥቴ ዳዊት ጨረሰች። አባቷን ደስ አላቸው። «እንግዲህ ደጋውን አሳይሻለሁ። ለመስከረም ማርያም ቋሪት ስሄድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አሏት።

መሪጌታ ወደ ቋሪት የሚሄዱበት ጉዳይ ነበራቸው። ከገበዘ ማርያም ከተማ ወዲያ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለች። በቤተ ክርስቲያኗ ድጓ ውስጥ አይጥ ገብቶ አንድ ቅጠል ብራና በላ። የበላውም ለመስከረም ማርያም የሚዜመውን ነው። ያን ዜማ በቃላቸው የሚያውቁት ሽማግሌ ደግሞ በግንቦት ዐርፈዋል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኗ ካህን ቄስ ተስፋው፣ «እባክዎ ያን ቅጠል ይጻፉልን፤ በዓላችን ያለ ዜማው እንዳይውል» ብለው ላኩባቸው። መሪጌታም ብራናውን ፍቀው፣ ቀለሙን በጥብጠው፣ ሦስት ሳምንት ደክመው ጻፉት። የሚጽፉት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ልጆች ቀለም እንዳይደፉ ወደዚያ አይጠጉም።

በዚህ መካከል ወይዘሮ እህተ ማርያም የንግሥቴን የመንገድ ልብስ ይሰፋሉ። አሁን ስለ ስፌቱ ልንገራችሁ። ይህን ዘልዬ ባልፍ እኔን ራሴን ቅር ይለኛል።

ንግሥቴ ከእናቷ ጉልበት አጠገብ ተቀምጣ ትጠይቃለች።

«እማየ፣ ቀሚሱ ለምን አጠረ?»

«ጭቃ እንዳይጠርግ።»

«ለምንስ ሰፋ?»

«በቅሎ ላይ ስትቀመጭ እንዳይዝሽ። ከሥሩም ሱሪ አለሽ።»

«ከታች ለምን ሦስት ጊዜ ታጠፈ?»

«አንች ስለምታድጊ። በየዓመቱ አንዱን እጥፍ እንፈታለን።»

«ኪሱስ ለምን ከውስጥ ሆነ?»

«በቅሎዋ ስትሰግር ቆሎሽ እንዳይፈስ ነዋ። አሁን ክሩን አቀብይኝ፤ ምላስሽ ሲደክም እጅሽ ይሥራ።»

ከሁሉ የሚያምረው ካፖርቱ ነበር። ላዩ ካኪ ነው፤ ጅጋ ካለው ከእትየ ራዲያ ሱቅ የተገዛ። ውስጡ የአባቷ አሮጌ ጋቢ ነው፤ ለስላሳና ሙቅ። እናቷ አንዱን እጅጌ ሰፉ፤ ሌላውን ለንግሥቴ ሰጧት። ንግሥቴ ጨርቁን ገልብጣ ቀስ እያለች ሰፋችው። ጨርሳ ወደ ላይ ስትገለብጠው ስፌቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ። ክንዷን ብትከተው ልክ ሆነ።

«እማየ፣ ቅድም እኮ ጨርቅ ነበር» አለች። እጅጌውን ደጋግማ እያወለቀች ደጋግማ ትከተዋለች። ልብስ ሰፍታችሁ የምታውቁ ይህን ደስታ ታውቁታላችሁ። የማታውቁ ደግሞ መርፌ አምጡና እኔ ጋ ኑ፤ ወንዶችም ጭምር።

ካፖርቱ ሊያልቅ ሲል መሪጌታ ብራናውን ይዘው መጡ። በምን ይያዝ ተብሎ ምክር ሆነ።

«ወንዙን ስንሻገር እኔ እስከ ጉልበቴ እገባለሁ» አሉ መሪጌታ። «ጭነቱም ይረጥባል። በቅሎዋ ላይ የምትቀመጠው ንግሥቴ ናት። ከሁላችን ደረቅ የምትሆነው እሷ ናት።»

ስለዚህ ብራናው በንግሥቴ ካፖርት ጀርባ፣ በካኪውና በጋቢው መካከል፣ እንዲሰፋ ተቈረጠ። ወይዘሮ እህተ ማርያም ሰም አቅልጠው አቡጀዲ ጨርቅ ነከሩበት። ጨርቁ ሲደርቅ ውሃ ቢያፈሱበት እየተንከባለለ ይወርዳል። ንግሥቴ ሦስት ጊዜ ውሃ አንጠባጠበችበት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳቀች። ከዚያ እናቷ ጨርቁን እሳት ዳር ይዘው፣ እያሞቁ፣ ብራናውን ሁለት ጊዜ ጠቀለሉበት። ንግሥቴ ይህን አይታለች። ለምን እሳት ዳር እንደ ሆነ ግን አልጠየቀችም። ያን ሁሉ ስትጠይቅ ከርማ፣ መጠየቅ የነበረባትን ሳትጠይቅ ቀረች።

እናቷ ክሩንም በሰም አሽተው የካፖርቱን ታችኛ ጠርዝ ዘጉት። ስፌታቸው ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም።

«ንግሥቴ፣ ይህ የሰው አደራ ነው» አሏት። «ቋሪት እስክትደርሱ አይፈታም።»

«ምን ዓይነት ጽሕፈት ነው? ከፊደሉ በላይ ትንንሽ ፊደል አለበት ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«እዚያ ስትደርሽ ታይዋለሽ።»

እዚያ እስክትደርስ ሦስት ቀን ቀርቷል። ለእናንተ ሦስት ቀን ጥቂት ነው። ለንግሥቴ ግን ሑዳዴ ጾም ሆነባት።

በማግስቱ የመስቀል ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ልብስ ሊያጥቡ ወደ ወንዝ ወረዱ። «ሕፃኑን ዘሩን እይልኝ» ብለዋት ነው የሄዱት። ዘሩ ተኝቷል። ካፖርቱ ኩላብ ላይ ተሰቅሏል።

ንግሥቴ ካፖርቱን አየችው። ወደ በሩ ሄደች። ተመለሰችና እንደገና አየችው። ከዚያ በልቧ እንዲህ አለች፤ «አየዋለሁ፤ እመልሰዋለሁ። ፈትቶ መስፋት እንደ ሆነ የተፈቀደልኝ ነው።»

ልጆች፣ ይህ እውነት ነው? ትራስ ሲሆን እውነት ነው። አደራ ሲሆን ግን እውነት አይደለም። ንግሥቴም ይህን ታውቀው ነበር፤ ባታውቀው ኖሮ በሩን አትዘጋውም ነበር።

በመርፌ ጫፍ አንዱን ስፌት አነሣችው። ቀጥላ ሌላውን። አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ተረተረችና እጇን አስገብታ ጥቅሉን አወጣችው። ጨርቁን ስትዘረጋው ቀጭ አለ። ልብ አላለችውም፤ ዓይኗ ብራናው ላይ ነበር።

ውብ ነበር። ይህን አልክድም። ጥቁሩ ቀለም ያብረቀርቃል። ቀዩ በየመካከሉ ብቅ ብቅ ይላል። ከየመስመሩ በላይ ደግሞ የጉንዳን እግር የሚያህሉ ትንንሽ ፊደሎች አሉ። ንግሥቴ ትልልቆቹን አነበበቻቸው። ትንንሾቹን ግን ብታነብም ቃል አልሆን አሏት። «ምን ይሆኑ? ማን ነው እነዚህን የሚያነባቸው?» እያለች በጣቷ ሳትነካ ከላይ ከላይ ተከተለቻቸው። ሰዓቱም ሳታውቀው ሄደ።

ዘሩ ነቅቶ አለቀሰ። በውጭም ሰው የሚመጣ መሰላት። ብራናውን ቶሎ ጠቀለለችው። ጨርቁ ግን እንደ ቅድሙ አልታጠፍ አለ። ሰም የጠጣ ጨርቅ ሲቀዘቅዝ ደረቅ ነው፤ ካላሞቁት እጥፉ ላይ ይሰነጠቃል። ንግሥቴ ይህን አላወቀችም። እንደ ምንም ብላ መልሳ ከተተችው። በሰም የታሸውን ክር ብትፈልግ አጣችው። ባገኘችው ክር፣ ገብስ ገብስ በሚያህል ስፌት፣ ጠርዙን ዘጋችና ካፖርቱን አጣጥፋ ከመንገዱ ዕቃ ጋር አስቀመጠችው። እናቷ ሲመለሱ ዘሩን አቅፋ ታባብላለች።

«ምነው ፊትሽ ቀላ?» አሏት።

«ዘሩ ከብዶኝ ነው» አለች ንግሥቴ። ምስኪን ዘሩ ምን አደረጋት?

በመስቀል ማግስት በማለዳ ተነሡ። መሪጌታ የበቅሎዋን ልጓም ይዘው በእግራቸው ይሄዳሉ። ንግሥቴ ከላይ ተቀምጣለች። አዲሱ ቀሚስ አልያዛትም፤ ቆሎዋም አልፈሰሰም። አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መቶ ጥያቄ ትጠይቅ ነበር። ዛሬ ግን እጇ ወደ ኋላ፣ ወደ ካፖርቱ ጠርዝ እየሄደ አስቸገራት። ስፌቱ በጀርባ በኩል መሆኑ ክፉ ሆነባት፤ ሰው የራሱን ጀርባ አያይማ። ተፈታ ይሆን? አልተፈታም። አሁንስ? አሁንም አልተፈታም።

«ምን ያሳክክሻል?» አሏት አባቷ።

«ምንም፣ አባየ።»

ከሰዓት በኋላ ጅጋ ደረሱ። መሪጌታ በቅሎዋን ውሃ ሊያጠጡ ሄዱ። ንግሥቴን እትየ ራዲያ ሱቅ አስቀመጧት። እትየ ራዲያ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የእናቷም የቆየ ወዳጅ ናቸው። ንግሥቴን እንዳዩ ከመደርደሪያው ኋላ ወጡ።

«እስቲ ዙሪልኝ፣ የኔ ልጅ። ካኪዬ ምን ሆኖ እንደ ወጣ ልየው።»

ንግሥቴ ዞረች። እትየ ራዲያ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ እያስኬዱ፣ «ይህ የእህተ ማርያም እጅ ነው። ይችም የእሷ ናት። ይችኛዋ እጅጌ ያንች ናት፤ ጎሽ፣ ደኅና ሰፍተሻል» አሉ። ልብስ ሰፊዎች እንዲህ ናቸው። እናንተ የጓደኛችሁን የእጅ ጽሕፈት እንደምታውቁት ስፌትን ከነባለቤቱ ያውቁታል። ጣታቸው ታች ጠርዙ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኸኛው የእናትሽ እጅ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው።

«በቅሎ ላይ ስወጣ ተተርትሮ ነው። እኔ ሰፋሁት።»

«እህ። መርፌውም ሰሙም እዚሁ አለ። ፈትተን ደኅና አድርገን እንስፋው?»

ንግሥቴ አሰበች። ከፈቱት ብራናው ይወጣል። አባቷም ይመጣሉ። «አይሆንም፤ አባየ ይቸኩላሉ» አለች። ይህ በውሸት ላይ ሌላ ውሸት ነው። የመጀመሪያውን ለማኖር ሁለተኛው ያስፈልጋል፤ ውሸት ብቻውን መኖር አይችልም።

እትየ ራዲያ አንድ እፍኝ ተምር ኪሷ ውስጥ ጨመሩላትና ትከሻዋን ነካ አደረጓት። «ያንን ስፌት ሳትረሽው ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ልጄ። ወደ ደጋ ነው የምትወጡት። አላህ በሰላም ያግባችሁ።»

ያን ሌሊት እዚያው ጅጋ ከዘመድ ቤት ዐደሩ። በማግስቱ ዳገቱን ጀመሩት። ወንዙን ሲሻገሩ መሪጌታ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ንግሥቴ እግሯን ወደ ኮርቻው ሰብስባ አንዲት ጠብታ ሳይነካት ተሻገረች። «አለፈ» አለች በልቧ። ቀለል አላት። ደጋው እየቀረበ ሲሄድ ብርዱ መጣ፤ ካፖርቱ ግን አሞቃት። የገብሱን ማሳና ከሣር የተሠራ ገሳ ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው የሚሄዱ ገበሬዎችን አየች።

«አባየ፣ ገሳውን ለምን ያዙት? ዝናብ የለም እኮ።»

«የአገሩ ሰው ሰማዩን ያውቀዋል» አሉ አባቷ።

እውነታቸውን ነው። ከቀትር በኋላ ደመናው ከቋሪት በኩል መጣ። መጀመሪያ ካፊያ ጀመረ። መሪጌታ ቀና ብለው አዩና፣ «አይዞሽ። እናትሽ የሰፋችው ነው። ጠብታ አያስገባም» አሏት።

ይህ ቃል ንግሥቴን ወጋት። እስካሁን የፈራችው ለራሷ ነበር፤ አባቷ ይቆጣሉ፣ ደጋውንም ዳግመኛ አያሳዩኝም ብላ። አሁን ሌላ ነገር ታያት። ብራናው ቢበላሽ አባቷ ማንን ይጠረጥራሉ? ቄስ ተስፋውስ ማን ሰፋው ይላሉ? «የእህተ ማርያም ስፌት ውሃ አስገባ፤ በዓሉንም አበላሸች» ይባላል። የእናቷ ስም በቋሪትም በጅጋም ይነሣል። እናቷ ደግሞ ምንም አላጠፉም።

አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። እንደገና ከፈተች፤ ዘጋችው። ካፊያው ግን አልጠበቃትም። በጀርባዋ ሲወርድ ይሰማታል።

«አባየ» አለች በመጨረሻ። «የእማየ ስፌት አይደለም። እኔ ፈትቼዋለሁ።»

መሪጌታ ቆሙ። «ምኑን?»

«ብራናውን። ማየት ፈልጌ ፈታሁት። መልሼ በማይረባ ስፌት ሰፋሁት። ለእትየ ራዲያም ዋሸሁ። ውሃ ይገባበታል፣ አባየ።»

መሪጌታ ከበቅሎዋ አወረዷት። ካፖርቱን አውልቀው ያን የገብስ ገብስ ስፌት በጣታቸው በጠሱት፤ በቀላሉ ተበጠሰ። ጥቅሉን አወጡ። የሰም ጨርቁ እጥፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ አንዱ ማዕዘንም ርሷል። ከዚያ መሪጌታ ያላሰበችውን አደረጉ። ጥምጣማቸውን ከራሳቸው ፈቱ። ብራናውን በዚያ በረጅሙ ነጭ ሻሽ ደጋግመው ጠቀለሉትና በልብሳቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉበት። ካፖርቱን ለንግሥቴ መልሰው አለበሷት። ወዲያው ካፊያው ዶፍ ሆነ።

በሕይወቷ አባቷን ያለ ጥምጣም በመንገድ ላይ አይታቸው አታውቅም። ዝናቡ በራሳቸው ላይ እየወረደ በጢማቸው ይንጠባጠባል። አንድ ገሳ የደፋ፣ የሚያውቃቸው ገበሬ ሲያልፍ አይቷቸው ደነገጠ።

«መሪጌታ፣ ምነው ጥምጣምዎ? ደኅና አይደሉም?»

«ደኅና ነን፣ ወንድሜ። ሥራ ኖሮት ነው» አሉት። የልጃቸውን ጥፋት ለመንገደኛ አልተናገሩም። ንግሥቴ ይህን ስትሰማ በበቅሎዋ አንገት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ማምሻውን ከቄስ ተስፋው ቤት ደረሱ። እሳት ተለኮሰላቸው። መሪጌታ ጥምጣሙን ፈትተው ብራናውን አወጡት። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። በታችኛው ማዕዘን ግን አንድ መስመር ቀለሙ ፈስሶ ጥቁርና ቀዩ ተደባልቋል። ንግሥቴ ቀደም ብላ፣ ካፊያው ሲጀምር ተናግራ ቢሆን ያ መስመር ይተርፍ ነበር። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ዐወቀችው።

በማግስቱ፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ መሪጌታ በደጀ ሰላሙ ተቀምጠው ያን መስመር በቢላ ፍቀው እንደገና ጻፉት። ብራና መልካምነቱ ይህ ነው፤ ይፋቃል። ጥላው ግን አልጠፋም። ቅጠሉን የሚገልጥ ሁሉ ያየዋል።

ቄስ ተስፋውም ቀርበው አዩት። «እዚህ ላይ ምን ሆነ፣ መሪጌታ?»

መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እሷው እንድትናገር ጠበቁ። ንግሥቴ ተነሣች።

«አባ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እናቴ በደንብ ሰፍተውት ነበር። አደራ ብለውኝ ፈታሁት» አለች። ከዚያም ሁሉንም ተናገረች፤ ለእትየ ራዲያ የዋሸችውን፣ በዘሩ ያመካኘችውንም ሳይቀር።

ቄስ ተስፋው ጢማቸውን ይዘው አዳመጧት። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ጠየቋት።

«ስትፈቺው ምን አየሽ?»

«ትንንሽ ፊደሎች። ቃል አልሆን አሉኝ።»

«አይሆኑም። የሚነበቡ አይደሉም፤ የሚዜሙ ናቸው። ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆም ይናገራሉ። ነገ ትሰሚያቸዋለሽ።» ከዚያም፣ «አሁን ነይ፤ ሥራ አለን» አሏት።

ልጆች፣ መጽሐፍም እንደ ልብስ ይሰፋል፤ ታውቁ ኖሯል? አዲሱ ቅጠል ከቀሩት ቅጠሎች መካከል ገብቶ መሰፋት ነበረበት። ቀዳዳው ጠባብ ነው። የመጽሐፉ ድጉስ፣ የቆዳው ልባስ፣ ሳይፈታ፣ መርፌው ከውስጥ ወደ ውስጥ መሄድ አለበት። የቄስ ተስፋው ዓይን ደክሟል። መሪጌታም ጣታቸው ወፍራም ነው። ቄስ ተስፋው መርፌውን ለንግሥቴ ዘረጉላት።

«እኔ?» አለች ንግሥቴ። እጇን ወደ ኋላ ሸሸገችው። «አባ፣ እኔ እኮ ነኝ የፈታሁት።»

«ሰማሁ። ጥፋቷን ሳትደብቅ ለነገረችን ልጅ መጽሐፋችንን እናምናታለን። ያዥው።»

ንግሥቴ እጇን ታጠበች። መሪጌታ መጽሐፉን ገልጠው ያዙላት። አንዱን ስፌት ሰፋች፤ ሳበችው፤ ጠበቀ። ሌላውን ሰፋች። ማንም አላስቸኮላትም፤ እሷም አልቸኮለችም። ስትጨርስ ቄስ ተስፋው ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዘው ሳብ አደረጉት። ንቅንቅ አላለም። መሪጌታ ከጅጋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

በነጋታው የመስከረም ማርያም ዕለት ንግሥቴ ካፖርቷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ በሴቶች በኩል ቆመች። መዘምራኑ ያን ቅጠል ገለጡ። ድምፃቸው ወጣ፤ ወረደ፤ ተጠመዘዘ፤ ቆመ፤ ደግሞ ወጣ። ንግሥቴ ዓይኗን ጨፍና ትከተላቸዋለች። ቤቷ ውስጥ በሩን ዘግታ ያጣችው ነገር፣ አሁን በሰው ሁሉ መካከል፣ ማንንም ሳትፈራ ደረሳት። ያቺ ጥላ ያለባት መስመር ስትደርስም መዘምራኑ አልተሰናከሉም። እሷ ግን የትኛዋ እንደ ሆነች ዐውቃ አንገቷን ደፋች።

ፍኖተ ሰላም ሲመለሱ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ገና በሩ ላይ፣ ለእናቷ ሁሉን ነገረቻቸው። ወይዘሮ እህተ ማርያም እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ከዚያ ልጃቸውን ወደ እሳቱ ዳር ጠሯትና የሰም ጨርቁን ሰጧት። «ቀዝቃዛውን እጠፊው» አሏት። ተሰነጠቀ። «አሁን አሙቀሽ እጠፊው» አሏት። ታጠፈ። «ማወቅ የፈለግሽው ይህን ከሆነ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር፣ ልጄ» አሏትና ሳሟት።

ልጆች፣ የተሰጣችሁን አደራ ሳትከፍቱ ጠብቁ፤ ካጠፋችሁም ጥፋታችሁ በሌላ ሰው ላይ ሳይወድቅ ፈጥናችሁ ተናገሩ።